የተጻፈውን አንብቢ

«ልጄን ጀልባ አይደለም የወሰደብኝ፤ የእህቴ መጻሕፍት ናቸው።»

ዙሌማ ይህን የሰማችው የደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆማ ነው። ቀድማ ውሃዋን ቀድታ ባልዲውን ይዛ እየወጣች ነበር፤ ታናሽ እህቷ ኔርሳ ደግሞ ከታች ግቢው ውስጥ ከጎረቤታቸው ከክሎቲልዴ ጋር የቧንቧ ተራ እየጠበቀች። ውሃው የሚመጣው ጠዋት ለትንሽ ጊዜ ስለሆነ ሰው ሁሉ እዚያ ነው፤ ወሬውም እዚያ ነው። ቤቱ ድሮ የአንድ ስኳር ነጋዴ መኖሪያ ነበርና ደረጃው ሰፊ እብነ በረድ ነው፣ ድምፅ ይዞ ወደ ላይ ያወጣል፤ ታች የተንሾካሾኩት ላይኛው ፎቅ ድረስ ይሰማል። ኔርሳ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ሁለቱም የተወለዱት እዚሁ ቤት ነው።

«ተይ እንጂ አንቺ ደግሞ፤ መጽሐፍ እግር አለው?» አለች ክሎቲልዴ።

«ለልጅ ሲሰጡት ያበቅላል። አንድ ቀን ጥርስህን ፋቅ፣ ጫማህን ጥረግ ብላው አታውቅም። ይሄን አንብብ፣ ያንን ፊልም እይ፣ ይቺን ደግሞ ስማ! እኔ ሩዝ ስለቅም እሷ ልጄን የፊልም ባቡር ላይ ታሳፍረው ነበር።»

ክሎቲልዴ ሳቀች። ኔርሳ አልሳቀችም። ዙሌማ ባልዲውን ቀስ ብላ ልታስቀምጥ ስትል ውሃው ተናጠና ጫማዋ ውስጥ ገባ፤ ኮቴዋ እንዳይሰማ በእርጥብ ጫማ፣ እንደ ሌባ፣ የቀረውን ደረጃ ወጣች።

ያላቸው ሁለት ክፍል ነው። ጣሪያው እጅግ ከፍ ያለ በመሆኑ አባታቸው በሕይወት ሳለ የፊተኛውን ክፍል በሳንቃ ለሁለት ከፍሎ ቆጥ ሠርቶበታል። ቆጡ ላይ የኔርሳ ብቸኛ ልጅ ዮስባኒ ይተኛ ነበር፤ ከሥሩ ኔርሳ፣ በጓዳው በኩል ባለችው ክፍል ዙሌማ። አንዱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የዙሌማ መጻሕፍት ነው። የሃቫና እርጥበት ታችኛውን መደርደሪያ ስለበላው እዚያ ያሉት መጻሕፍት ሲከፈቱ የጓዳ እንጉዳይ ይሸታሉ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ዳቦ አለ። የራሽን ዳቦ በሰው አንድ ነው፤ ዮስባኒ ከሄደ ወር ቢያልፈውም ስሙን ያሰረዘ ስለሌለ ዳቦው አልቀረም። ኔርሳ በየጠዋቱ በጨርቅ ትሸፍነዋለች፣ ማታ ሲደርቅ ለክሎቲልዴ ዶሮዎች ትሰጠዋለች። ስለ ሦስተኛው ዳቦ እህትማማቾቹ አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም። ዛሬም ኔርሳ ውሃዋን ይዛ ገባች፣ ዳቦውን ሸፈነች፣ «እንሂድ፣ እንዳይረፍድብን» አለች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነው። ይህ ነው ዙሌማን ይበልጥ የጎዳት፤ በሰው ፊት የከሰሳት ሰው፣ ለብቻ ሲሆኑ ስለ መርፈድ ካልሆነ ሌላ የሚላት የለውም።

ኔርሳ የማታውቀው ነገር ግን ከመጻሕፍቱ ይብሳል። ልጁ ከመሄዱ በፊት በነበረው እሁድ ዙሌማ ጣሪያው ላይ ልብስ ስታሰጣ ወደ እሷ ወጥቶ፣ የአንሶላውን ጫፍ ይዞላት፣ «አክስቴ፣ ልሄድ ነው። በጀልባ። ለእማ እንዳትነግሪያት» አላት። መጮህ ነበረባት፤ ወርዳ በሩን መቆለፍ ነበረባት። እሷ ግን በዚያች ቅጽበት የተሰማት ኩራት ነበር። ለእኔ ነገረኝ፤ ለእናቱ ሳይሆን ለእኔ። ዛሬ ያንን ኩራት ስታስታውስ ጆሮዋ ይግላል። ከዚያም በላይ፣ ፊልም ላይ እንዳለች ሴት ትከሻውን ይዛ፣ «ዓለም ሰፊ ናት፣ እያት» አለችው፤ ለመንገድም የሚሆን መጽሐፍ መርጣ ሰጠችው። በጀልባ ለሚሄድ ልጅ መጽሐፍ! ውሃ እንኳ አልሰጠችውም። ከዚያ ወዲህ የደወለ የለም፣ ያየው የለም፤ ከእሱ ጋር የተሳፈሩት የሌሎቹ ልጆች እናቶችም በየቤታቸው ስልክ አቅፈው ተቀምጠዋል።

እሁድ እሁድ የእነሱ ቀን ነበር። ዙሌማ ሃምሳውን ያለፈች፣ ባል ያላገባች ሴት ናት፤ ልጁ ማንበብ ከቻለበት ጊዜ ጀምሮ ሳምንቱን ሙሉ ለእሱ የሚሆን ነገር ስታስብ ትከርማለች። ሰፈሩ ውስጥ ፊልምና ሙዚቃ በፍላሽ ገልብጦ ከሚሸጠው ሰው ቤት ሄዳ ትመርጣለች፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ጋር ትከራከራለች፣ ሙዚቃውንም ቃል የሌለበትን፣ ረጋ ያለውን ትወዳለች። ልጁ ሲያይ እሷ ፊልሙን ሳይሆን ፊቱን ታያለች። ሲያልቅ፣ «እሺ?» ትለዋለች። «ደስ ይላል፣ አክስቴ» ይላታል። ይህ ለእሷ የሳምንቱ ደመወዝ ነበር። ኔርሳ በዚያ ሰዓት ወይ ታጥባለች ወይ ትተኩሳለች፤ አንዴ በመካከላቸው ስታልፍ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብላ፣ «ይሄ ሰውዬ ከቅድም ጀምሮ መንገድ ላይ ነው፤ ቤት የለውም እንዴ?» ብላ አልፋለች።

አውቶቡስ ስላልመጣ በእግር ሄዱ። ሁለቱም የሚሠሩት በሴሮ ሰፈር ጫፍ ባለው የሲጋር ፋብሪካ ነው። ኔርሳ ትጠቀልላለች፤ ዙሌማ ታነባለች። በእኛ አገር የትምባሆ ሠራተኛን ሥራ የሚይዘው እጁን እንጂ ጆሮውን አይደለምና፣ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ አዳራሹ ፊት ከፍ ያለ መድረክ ላይ አንድ አንባቢ ይቀመጣል። ጠዋት ጋዜጣ ያነባል፣ ከሰዓት በኋላ ልቦለድ። የሚነበበውን መጽሐፍ ጠቅላዮቹ በድምፅ ይመርጣሉ። ንባቡ ሲያስደስታቸው የቅጠል መቁረጫቸውን፣ ያቺን ግማሽ ጨረቃ የምትመስል ስለት፣ ቻቤታን፣ ቅጠል በሚቆርጡበት ሰሌዳ ላይ ይደበድቧታል፤ ካላስደሰታቸው መሬት ላይ ይጥሏታል። ከዙሌማ በፊት የነበረው አንባቢ መሳሳም ባለበት ገጽ ሲደርስ የሚዘል ሰው ነበርና ከተደረሰበት በኋላ አንድ ሳምንት አልቆየም። አንባቢ ሊያስነጥስ ይችላል፣ ሊሳሳት ይችላል፤ የተጻፈውን መለወጥ ግን አይችልም። ወጥ ያለ ሥጋ ይቀርባል፣ ንባብ ያለ እምነት አይቀርብም ይላል ሽማግሌው ኤልፒዲዮ፣ ሥጋው ግን ቢመጣ እንደማይጠላ ጨምሮ።

አሁን የሚነበበው መጽሐፍ የተመረጠው ዮስባኒ ሳይሄድ ነው። ለምርጫ የቀረቡት ሁለት ነበሩ። አንደኛውን የፍቅር ልቦለድ ያቀረበችው ራሷ ኔርሳ ናት፤ በሕይወቷ መጽሐፍ ስታቀርብ የመጀመሪያዋ ነበር፣ ሽፋኑ ላይ ያለችው ሴት እናታቸውን ስለመሰለቻት። አንባቢ ለአንዱ ወገን መናገሩ ነውር ነው። ዙሌማ ግን አላስቻላትም። ማይክሮፎኑን ይዛ፣ በወጣትነቷ ያነበበችውን የሌላውን መጽሐፍ ወንዙን፣ ጀልባ ቀዛፊዎቹን፣ ከእናቱ የእንግዳ ማረፊያ ተነሥቶ ዓለምን ሊያይ የሚሄደውን ቤንሃሚንን እንዲህ አድርጋ አወራችው፣ አዳራሹ ያኔውኑ ተሳፈረ። የኔርሳ መጽሐፍ ከኔርሳ እጅ ሌላ አራት እጅ ብቻ አገኘ። ዙሌማ ግን ያወራችው በትዝታ ነው። አንዳንድ ሰው የኖረበትን ቤት በር አስታውሶ የውስጡን ክፍል እንደሚረሳ፣ እሷም የመጽሐፉን መነሻ አስታውሳ መጨረሻውን ረስታው ነበር። ባለፈው ሳምንት የነገዬን ላዘጋጅ ብላ ስትገልጥ ነው ያገኘችው። ቤንሃሚን ይሞታል። በባዕድ ወደብ፣ በትኩሳት፣ ስሙን የሚያውቅ ሰው ሳይኖር ይሞታል፤ እናቱም ሳታውቅ ወንዙ ዳር መጠበቋን ትቀጥላለች።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ግን ዮስባኒ ከሄደ በኋላ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አንዷ ጠቅላይ፣ «ቤንሃሚን ልክ የኔርሳን ልጅ ነው የሚመስለው» አለች። ኔርሳም ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ «እንግዲያው ቤንሃሚን ለእናቱ ከተመለሰላት የኔም ይመለስልኛል» አለች። ስትናገረው እንደ ቀልድ ነበር። ማንም ግን እንደ ቀልድ አልሰማትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዳራሹ ሁሉ ለቤንሃሚን መጸለይ ጀመረ፤ በሩ አጠገብ ባለችው የምሕረት እመቤት ምስል ሥር የሱፍ አበባ ጠፍቶ አያውቅም። ለልቦለድ ሰው ስእለት ሲሳሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ድሮ አያቶቻቸው ሲጋራቸውን በመጽሐፍ ሰዎች ስም ይጠሩ ነበር። ዛሬ ደግሞ የመጨረሻው ምዕራፍ ነው።

ጠዋት ገና ጋዜጣውን ስትጀምር መብራት ሄደ። አዳራሹ በአንድ ድምፅ «አአአይ!» አለ፣ ከዚያ መስኮቶቹ ተከፈቱ፣ ሥራው ቀጠለ፤ ትምባሆ በእጅ እንጂ በመብራት አይጠቀለልም። ማይክሮፎኑ ግን ሞተ። ዙሌማ በባዶ ድምፅዋ ስለ ስኳር ምርት፣ ስለ ቤዝቦል ውጤት አነበበች። ዓይኗ ከጋዜጣው በላይ አምልጦ የፊተኛው ረድፍ ላይ ያርፋል። ኔርሳ እዚያ ናት፣ ጀርባዋ ቀጥ ብሎ፤ መሸፈኛ ቅጠሏን በመዳፏ ታሻለች፣ ትዘረጋለች፣ በስለቷ ትቆርጣለች። ቀና ብላ አታይም። የቤዝቦሉን ውጤት ሁለት ጊዜ እንዳነበበችው ያወቀችው ኤልፒዲዮ ከኋላ፣ «እትዬ ዙሌማ፣ ደጋግመሽ ብታነቢውም ቡድናችን አያሸንፍም!» ሲል ነው።

ለምሳ ሩዝና ጥቁር ባቄላ ነበር። እህትማማቾቹ እንደ ሁልጊዜው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ኤልፒዲዮ ሳህኑን ይዞ መጥቶ ፊት ለፊታቸው ተዘፈዘፈ። ልጅ እያለ ሳይሆን አይቀርም ጥርሱ የረገፈው፤ ባቄላውን በድዱ ነው የሚፈጨው።

«እና እትዬ ዙሌማ፣ ልጁ ይተርፋል?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ከሰዓት ትሰማለህ፣ አባባ።»

«ለእኔ ብቻ ንገሪኝ። የልብ ሕመም አለብኝ። ድንገት ቢሞት ከእሱ ጋር እኔንም ትቀብሩኛላችሁ።»

«አንተን ማን ይቀብርሃል፤ እንዳለህ ጠቅልለን እንሸጥሃለን እንጂ» አለች ኔርሳ። ጠረጴዛው ሳቀ። ኔርሳም ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ወደ እህቷ ግን አልዞረችም፤ አልጠየቀችም። ከሳህኗ የባቄላውን መረቅ ለይታ በዙሌማ ሩዝ ላይ ገለበጠችላት፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ እንደምታደርገው፤ እሷ መረቅ አትወድም። ዙሌማ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ጥላኝ ቢሆን ኖሮ መረቁን ትከለክለኝ ነበር ብላ አሰበች፤ ሳትጠላኝ ነው የከሰሰችኝ፣ ይህ ደግሞ እውነት ስለሆነ ብቻ ነው። ከዚያ ሽንት ቤት ሄዳ በሩን ዘግታ ቆመች። እዚያ ነው የወሰነችው። አንድ ገጽ ነው። ወረቀት ነው። ይህችን ሴት በወረቀት ልጇን ሁለተኛ ጊዜ አልነጥቃትም።

ከሰዓት ሲሆን መድረኩ ላይ ወጣች። ወንበሮች ተጎተቱ፣ ሲጋራቸውን የለኮሱ ለኮሱ፣ ከዚያ የቅጠል መሻሸት ብቻ ቀረ። ማይክሮፎን ስለሌለ ከኋላ ያሉት ወደፊት ቀርበው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ዙሌማ ጀመረች። ቤንሃሚን ወደቡ ደረሰ፣ ታመመ፣ አልጋ ተሰጠው። ድምፅዋ ደህና ነው፤ ሳታስበው ራሷ እንኳ ተሳበች። ትኩሳቱ ሲጨምር አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። ገጹን ገለጠች፤ ያች ዓረፍተ ነገር ሽቅብ እያየቻት ነው። ዓይኗን ከእሷ ላይ አነሣች፣ እጇ ግን መስመር እየተከተለ ያለ ለማስመሰል ወረቀቱ ላይ ይንሸራተታል።

«በሦስተኛውም ቀን ቤንሃሚን ትኩሳቱ በረደለት» አለች። «ተነሥቶም ሾርባ ጠጣ። መርከብም አገኘ። ረጅም ጊዜ ተጓዘ። እናቱም ወንዙ ዳር ቆማ ነበርና ከሩቅ አየችው። እጅግም ደስ አላቸው። አብረውም ወደ ቤት ገቡ።»

ራሷም ሰማችው። ሣጥን ያለ ሚስማር እንዳቆመ ሰው ሥራ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ወንዝና በዚያ ሁሉ ሌሊት መጨረሻ ላይ ሾርባ። ግን መጽሐፉን ዘጋች፣ «ተፈጸመ» አለች። ከዚያ አዳራሹ ፈነዳ። ስለቶቹ ሰሌዳ ላይ ዘነቡ፤ አንዷ ሴት ወደ እመቤቲቱ ምስል ሮጠች፤ ኤልፒዲዮ ቆቡን ወደ ላይ ወረወረ፣ «ተረፈ! የኛ ልጅ ተረፈ!» እያለ። ሰዎች እጃቸውን እየዘረጉ የኔርሳን ትከሻ ይነካሉ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ አየሽ፣ አየሽ!» ይሏታል።

ኔርሳ ስለቷን አነሣች። ዙሌማ፣ ሰሌዳዋን ልትደበድብ ነው ብላ አሰበች። ኔርሳ እጇን ከሰሌዳው ውጪ አድርጋ ጣቶቿን ከፈተች። ብረቱ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ሲጮህ ድብደባው ከፊት ወደ ኋላ፣ ረድፍ በረድፍ፣ ጠፋ።

«ገጽ ቀርቷል» አለች ኔርሳ።

«ምን?»

«ስትዘጊው አውራ ጣትሽ ሥር ገጽ ቀርቷል። ደግሞ ድምፅሽ ጣፈጠ። አንቺ ስትዋሺ ድምፅሽ ይጣፍጣል፤ እማዬ ሆስፒታል ሳለች ‹ደህና ናት› ያልሽኝም በዚህ ድምፅ ነው።» አልጮኸችም። ድብደባው በጠፋበት አዳራሽ ግን ቃል በቃል ተሰማ። «ዙሌማ፣ የተጻፈውን አንብቢ።»

«ኔርሳዬ፣ ተይ...»

«የተጻፈውን።»

ሁሉም ወደ መድረኩ ዞረው ያያሉ። ዙሌማ ከእሷ በፊት የነበረው አንባቢ እንዴት ዕቃውን በካርቶን ይዞ እንደወጣ ትዝ አላት፤ ግን ያስፈራት እሱ አልነበረም። ተቀመጠች፣ መጽሐፉን ከፈተች፣ ያችን ዓረፍተ ነገር በጣቷ ፈልጋ አገኘቻትና አነበበች። ትኩሳቱ አልበረደም። ንጋት ላይ የአጎራባቹ አልጋ በሽተኛ «ልጁ ዝም አለ» ብሎ ተናገረ። ነርሷ ስሙን ስትጠይቅ የሚያውቅ አልነበረም፤ በዚያች ሰዓት በሌላኛው የዓለም ጫፍ እናቱ ፋኖሱን ለኩሳ ወደ ወንዙ ትወርድ ነበር። ድምፅዋ ሁለት ጊዜ ተሰበረ፣ ሁለት ጊዜም ከተሰበረበት አንሥታ ቀጠለች። ኔርሳ ስለቷን ከመሬት አላነሣችም፣ ሥራዋንም አላቋረጠችም፤ የተቆረጠውን ቅጠል በባዶ እጇ ትጠቀልላለች፣ ቀስ ብላ፣ ሕፃን እንደምትጠቀልል። መጨረሻው ገጽ ላይ የቀረ ቃል አልነበረም። ዙሌማ «ተፈጸመ» ማለት አልቻለችም።

ኔርሳ ጎንበስ ብላ ስለቷን አነሣች፣ በሽርጧ ጠረገቻት፣ ሰሌዳዋን መታች። አንዴ። ቆየት ብላ ሌላ። ከጀርባዋ ያለው ረድፍ ተከተላት፤ ቀጥሎ ያለው፤ ድምፁ የደስታ አልነበረም፣ እንደ ሰልፍ ከበሮ የሚረግጥ ነበር። ማንም አንባቢዋ ትባረር ብሎ አልተናገረም። ሲያበቃ ኤልፒዲዮ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ፣ «በአንድ ደመወዝ ሁለት መጨረሻ» አለ። ማንም አልሳቀለትም፤ ስለዚህ ጨመረ፣ «ሰኞ የፍቅሩ ይሁንልን፤ ሰው የማይሞትበት።»

«ፍቅር ላይ ነው የሚሞተው፣ አባባ» አለው አንዱ።

ሲመለሱም በእግር ነበር። አንድ ሰው ጋሪ እየገፋ ሠላሳ እንቁላል በሦስት ሺህ ፔሶ እያለ ይጣራል። ኔርሳ ሳትቆም፣ «ከነዶሮዋ ነው?» አለችው። ሰውየው ሰደባት። ትንሽ ሄደው አደባባዩ ጋ ሲደርሱ «እግሬ» አለችና ዛፉ ሥር ካለው የድንጋይ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ የደም ሥሯ ያበጠበትን እግር ዘረጋች። ዙሌማ አጠገቧ ተቀመጠች። መብራት ስላልመጣ ሰው ሁሉ ደጅ ነው፤ ዶሚኖ የሚጫወቱ፣ ልጅ የሚያጥቡ፣ በር ላይ ወንበር አውጥተው ዝም ያሉ። ዙሌማ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ፊቷን ወደ ዶሚኖው እንዳዞረች ተናገረች።

«ኔርሳ፣ ነግሮኝ ነበር። ሊሄድ እንደሆነ። ጣሪያው ላይ ነገረኝ፤ እኔም ሂድ አልኩት። ሂድ ነው ያልኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል? ያን ሳምንት የኔን ልብስ ሁሉ አጠብሽ። አንቺ ልብስ ስታጥቢ አንድ ነገር ሠርተሻል ማለት ነው።»

«ታዲያ... ለምን አልጠየቅሽኝም? ለምን አላስቆምሽውም?»

ኔርሳ ጉልበቷን ታሻለች። አንዱ ተጫዋች ድንጋዩን ጠረጴዛው ላይ አጮኸ፣ ሌሎቹ ተንጫጩ። እስኪበርድላቸው ጠበቀች።

«ነቅቼ ነበር» አለች። «ከቆጡ ሲወርድ መሰላሉ ጮኸ፤ ሰማሁት። መጥቶ አልጋዬ አጠገብ ቆመ። ትንፋሹ ፊቴ ላይ ይመጣል። ዓይኔን ብገልጥ ይቀር ነበር። ልጄ ነው፣ አውቀዋለሁ፤ አንዴ ብገልጥ ኖሮ ጫማውን አውልቆ ተመልሶ ይወጣ ነበር። የተኛሁ መሰልኩ። እንደውም አንኮራፋሁ። ገባሽ? አንኮራፋሁለት።»

ዙሌማ ፊቷን ከዶሚኖው መለሰች።

«ቀርቶስ ምን ሊሆን ነው ብዬ ነዋ። እዚያ ቆጥ ላይ ተንጋሎ ጣሪያ እያየ ሊያረጅ? እንዲህ ብዬ ነው፤ ያኔ ልክ መሰለኝ። አሁን ዳቦውን ባየሁ ቁጥር አንድ ሰው መውቀስ አለብኝ። ራሴን ከወቀስኩ አብዳለሁ። አንቺ ደግሞ ቅርብ ነሽ።» ወደ እህቷ ዞረች፣ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ። «ደረጃው ላይ እንዳለሽ አውቄ ነው ጠዋት የተናገርኩት። እንድትሰሚ። እንድትሰድቢኝ ፈልጌ። አንቺ ግን ጫማሽን አርጥበሽ ሄድሽ።»

አንድ ሕፃን ኳስ ተከትሎ በእግራቸው መካከል አለፈ። ኔርሳ እግሯን ሰበሰበች። ከዚያ ድምፅዋ ትንሽ ተለወጠ፤ «እያንጎራጎረ ነው የወጣው» አለች። «በሩን ዘግቶ ደረጃውን ሲወርድ፣ ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማው። ደረጃው ግን ታውቂዋለሽ።»

ዙሌማ ቀና አለች። ያቺ በልደቱ ቀን ያሰማችው የፒያኖ ዜማ መሆን አለባት፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር ያዳመጣት። «ያቺን የፒያኖዋን?» አለች፣ በዚያ ሁሉ መካከል እንኳ ጉጉቷን መደበቅ አቅቷት።

«የምን ፒያኖ!» አለች ኔርሳ። «ያን የባለሦስት እግር ብስክሌት ነጂዎች የሚያስጮሁትን ነው እንጂ። ያ በመጨረሻው አውቶቡስ ጥላው ስለሄደች ሴት የሚያለቃቅሰው። ሕይወቱ ነበር እኮ! አንቺ ሳትኖሪ እኔና እሱ እያጠብን፣ እየጠረግን፣ በአፋችን ሙሉ ነው የምንዘፍነው። ኮቴሽን ስንሰማ እናጠፋዋለን።»

ዙሌማ ዘፈኑን ታውቀዋለች፤ ከመንገድ ሲመጣ መስኮት የምትዘጋበት ዘፈን ነው። በመጀመሪያ የተሰማት ትከሻዋ ላይ የከረመ ነገር ሲወርድ ነው። እሷ አይደለችም የላከችው፤ መጻሕፍቷም፣ ባቡሮቿም አይደሉም። ወዲያው ደግሞ ከቀለለው ቦታ ላይ ሌላ ነገር መጥቶ ተቀመጠ። ያን ሁሉ እሁድ ፊቱን ስታይ ኖራለች፤ አንድም ቀን አንተስ ምን ትወዳለህ ብላው አታውቅም። ወር ሙሉ ያሰቃያት ጸጸት ውስጥ እንኳ ራሷን ትልቅ አድርጋ ተቀምጣ ነበር።

«እንዴት ነበር የሚጀምረው?» አለች።

«አንቺ ልትዘፍኚው?»

«ንገሪኝ።»

ኔርሳ ዶሚኖ ወደሚጫወቱት፣ ከዚያ ወደ ራሷ እጅ ተመለከተች። አፍራ፣ በጥርሷ መካከል የመጀመሪያውን ስንኝ አለችው፤ ሴትየዋ የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ እግሯን ስታነሣ፣ ዘፋኙ ዝናብ ላይ ሲቀር። ዙሌማ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ስታስለቅስ የኖረች ሴት፣ በተሰነጠቀ ድምፅ ተከተለቻት። ኔርሳ ሁለተኛውን ጨመረች። ዙሌማ ደገመችው።

«አበላሸሽው» አለች ኔርሳ። «ዮስባኒ እንደዚህ አይደለም የሚለው። እዚህ ጋ ትንፋሽ ይወስዳል። እንደገና።»